ከካርቶን የሚቆም ባቡር ጣቢያ፦ ሕንፃን አሳንሶ የማቆየት ጥበብና ሳይንስ

ዕቃ ገዝተን ቤት ስንገባ ዕቃውን እናስቀምጣለን፤ ካርቶኑን እንጥላለን። በሞዴል ባቡር ወዳጆች ቤት ግን የቁርስ እህል የመጣበት ስስ ካርቶን፣ የሸሚዝ ማሸጊያ፣ የአሮጌ ደብተር ጀርባ እንዲሁ አይጣልም። ተለክቶ፣ ተቆርጦና ተጣብቆ የባቡር ጣቢያ፣ የዕቃ መጋዘን ወይም የሐዲድ ጠባቂ ቤት ይሆናል። በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ዳር የሚቆመው ይህ ትንሽ ሕንፃ ከሩቅ ላየው የልጆች መጫወቻ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ግን ጂኦሜትሪ፣ የቁስ ሳይንስ፣ የዓይን ተፈጥሮና የሥነ ሕንፃ ታሪክ በአንድነት የተገናኙበት ሥራ ነው።

ከዚህም በላይ ሊነሣ የሚገባው ቁም ነገር አለ። ሕንፃዎች ያረጃሉ፤ ይታደሳሉ፤ ይፈርሳሉ። ብዙ ጊዜ ከእነርሱ የሚተርፈው ጥቂት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ ፊት እንጂ ጀርባ የለውም። አንድን ሕንፃ በካርቶን ለማቆም የተነሣ ሰው ግን አራቱንም ግድግዳ፣ ጣሪያውንና አሸንዳውን ሳይቀር ማወቅ ግድ ይለዋል። በዚህም የተነሣ ይህ ርካሽና ቀላል የሚመስል ሥራ የሚጠፋን ሕንፃ መዝግቦ ለማቆየት ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ ሆኗል። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ትርጉም እንዳለው ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ግን ጥበቡን ራሱን እንመልከት።

ከታተመ ወረቀት እስከ ሙዚየም

ሕንፃን ከወረቀት መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ኤፒናል፣ በጀርመን ደግሞ ኤስሊንገን በተባሉ ከተሞች የነበሩ ማተሚያ ቤቶች ተቆርጠው የሚጣበቁ የሕንፃ ሥዕሎችን እያተሙ ይሸጡ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብረት ለጦር መሣሪያ ሲውልና መጫወቻ ከገበያ ሲጠፋ፣ በብሪታንያ «ማይክሮሞዴልስ» የተሰኙ፣ ፖስት ካርድ በሚያክሉ ወረቀቶች ላይ የታተሙ ጥቃቅን ሞዴሎች ተወዳጅ ሆኑ። ከጦርነቱ በኋላ ለሞዴል ባቡር ተብለው የተዘጋጁ የካርቶን ሕንፃዎች በሰፊው መቅረብ ጀመሩ። ዛሬ «ሱፐርክዊክ» እና «ሜትካፍ» የመሳሰሉ የብሪታንያ አምራቾች ይሸጧቸዋል፤ ከኢንተርኔት ወርደው በቤት ማተሚያ የሚታተሙም አሉ።

የዚህ ጥበብ ታላቅ ምስክር ግን በእንግሊዝ ኦክስፎርድሺር፣ ሎንግ ዊተናም በተባለች መንደር የሚገኘው ፔንደን ሙዚየም ነው። መሥራቹ ሮይ ኢንግላንድ ስማቸው የእንግሊዝ ይሁን እንጂ የመጡት ከአውስትራሊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ገና በወጣትነታቸው እንግሊዝ ሲደርሱ፣ ቬል ኦፍ ዋይት ሆርስ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ያሉት የሣር ክዳን ቤቶች ልባቸውን ማረኩት። የአገሬው ሰው ግን እነዚያን ቤቶች ዘወትር ስለሚያያቸው ልዩ ነገር አልመሰሉትም። አሮጌው ይፈርሳል፤ የሣሩ ክዳን በዘመናዊ ክዳን ይለወጣል። ሮይ ይህን ለማስቆም ገንዘቡም ሥልጣኑም አልነበራቸውም። ስለዚህ ለኳቸው። ከለኩም በኋላ በካርቶንና በውሃ ቀለም፣ በ1 ለ 76 ምጥጥን አሳንሰው ሠሯቸው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው ሙዚየም ዛሬ የ1920ዎቹንና የ1930ዎቹን የእንግሊዝ ገጠር በትንሹ ያሳያል። የግድግዳው ድንጋይ አንድ በአንድ በካርቶኑ ላይ ተጭሮ አንድ በአንድ ቀለም ተቀብቷል። በጓሮው አትክልት አለ፤ በመስኮቱ በኩል የቤቱ ውስጥ ይታያል። ጆን ኤኸርን የተባሉ ሌላ እንግሊዛዊ የሠሩት፣ ሕንፃና መልክዓ ምድር ከባቡሩ እኩል ቦታ ያገኙበት «ማደር ቫሊ» የተሰኘው ቀደምት የሞዴል ባቡር መስመርም እዚያው ተጠብቆ ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የሸለቆውን ቤቶች ዋጋ አስቀድሞ ያየው ከሩቅ የመጣ ሰው ነበር። ርቀት አንዳንድ ጊዜ ለዓይን ብርሃን ይሰጣል። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

87 ጊዜ ማሳነስ

ሞዴል ባቡር የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚወስነው ስኬሉን፣ ማለትም እውነተኛውን ነገር ስንት ጊዜ እንደሚያሳንሰው ነው። በአውሮፓ አህጉርና በአሜሪካ በብዛት የሚሠራበት «ኤች-ኦ» የሚባለው ሲሆን ምጥጥኑ 1 ለ 87 ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እውነተኛውን ልኬት ለ87 ማካፈል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 19.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 2 ሜትር ከ10 ከፍታ ያለው በር 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 60 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ 69 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። በአብዛኛው የዓለም ክፍል የሚሠራበት 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ወደ 16.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

በብሪታንያ የሚኖሩ አንባቢያን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በዚያ አገር የተለመደው ስኬል 1 ለ 76 ነው፤ ሐዲዱ ግን ያው 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በለንደን የተገዛ የካርቶን ጣቢያ በፍራንክፈርት ከተገዛ ባቡር አጠገብ ሲቆም በመቶ 14 ያህል ይገዝፋል። ቦታ የሚያጥራቸው ደግሞ 1 ለ 160 የሆነውን «ኤን» የተባለውን ስኬል ይመርጣሉ።

ቁጥሩ ሌላም ነገር ያስተምራል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው የድሮው የባቡር መስመር ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። 87 ጊዜ ብናሳንሰው እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ማንም ሳሎኑ ውስጥ ሊዘረጋው አይችልም። ስለሆነም ሠሪው ይመርጣል፤ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ መታጠፊያ። ሞዴል መሥራት ከማሳነስ በፊት የመምረጥ ሥራ ነው።

ካርቶን የድንጋይ ሕንፃን መስሎ ሳይፈርስ የሚቆመው ለምንድን ነው? መልሱ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ካብራራው ሕግ ጋር ይያያዛል። ርዝመት 87 ጊዜ ሲያንስ የገጽ ስፋት 7,569 ጊዜ ያንሳል፤ ይዘት ደግሞ 658,503 ጊዜ ያንሳል። ክብደት ከይዘት ጋር ይሄዳል፤ ሸክም የመቋቋም አቅም ግን ሸክሙን ከሚቀበለው ገጽ ስፋት ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ቁስ የተሠራ ትንሽ ሕንፃ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ከትልቁ 87 እጥፍ ይበረታል። ጉንዳን ከራሷ የሚከብድ ነገር የምትሸከመው፣ ዝሆን ግን የማይችለው ከዚሁ ሕግ የተነሣ ነው። እንግዲህ የካርቶን ሕንፃ ጠላት ክብደት አይደለም። ጠላቱ እርጥበት ነው።

የወረቀት ባሕርይ

ወረቀትና ካርቶን በአብዛኛው የሚሠሩት ሴሉሎስ ከተባለ ንጥረ ነገር ከተገነቡ የእንጨት ቃጫዎች ነው። በፋብሪካ ውስጥ ከውሃ ጋር የተደባለቀው ቃጫ በሚጓዝ ወንፊት ላይ ሲፈስስ፣ አብዛኞቹ ቃጫዎች ወደ ማሽኑ መጓዣ አቅጣጫ ይተኛሉ። በዚህም ምክንያት ካርቶን ልክ እንደ እንጨት የራሱ አቅጣጫ አለው። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በጎኑ ግን ያብጣል። በአንድ ወገኑ ብቻ ማጣበቂያ የተቀባ ካርቶን ወዲያው የሚቆለመመው ለዚህ ነው።

አቅጣጫውን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ካርቶኑን በሁለቱም በኩል ቀስ ብለው ቢያጎብጡት በአንዱ በኩል ሲለዝብ በሌላው ይጠነክራል። የሚለዝበው መታጠፊያው ከቃጫው ጋር በአንድ መስመር ሲሆን ነው። የሕንፃው ማዕዘን በዚህ አቅጣጫ ከታጠፈ ንጹሕና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ በተቃራኒው ከታጠፈ ግን ቃጫው እየተሰበረ ጠርዙ ይሸካከራል።

ግድግዳው እንዳይጣመም ሦስት ነገሮች ይረዳሉ። አንደኛው ሚዛን መጠበቅ ነው። በፊት በኩል የድንጋይ ሥዕል ያለበት ወረቀት ከተለጠፈ በኋላም በኩል ተመሳሳይ ወረቀት በተመሳሳይ ማጣበቂያ ይለጠፋል፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲስቡ ግድግዳው ቀጥ ይላል። ሁለተኛው መደራረብ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ብቻውን የሚልፈሰፈስ ስስ ካርቶን ሦስትና አራት ሆኖ ተጣብቆ ከከባድ መጽሐፍ ሥር ሌሊቱን ሲያድር እንደ ጣውላ ይጠነክራል። ሦስተኛው የውስጥ ድጋፍ ነው። ከውጭ የማይታዩ መካከለኛ ግድግዳዎች በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ይቆማሉ፤ ረጅም ግድግዳ ያለ እነዚህ ድጋፎች ውሎ አድሮ መጉበጡ አይቀርም።

አንባቢያን በሚኖሩበት አካባቢ መሠረት ችግሩ ይለያያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአየር ማቀዝቀዣ የደረቀ ክፍልና ከደጅ የሚገባው ከባድ የባሕር እርጥበት ይፈራረቃሉ። በሰሜን አሜሪካ በክረምት ማሞቂያው አየሩን ያደርቃል። በአውሮፓ የቤቱ ምድር ቤት ብዙውን ጊዜ እርጥብ ነው። መፍትሔው ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ካርቶኑን ከውስጥም ከውጭም በስስ ቫርኒሽ ማተምና ከመስኮት ብርሃን ማራቅ።

ስለ ዕድሜም ማሰብ ያስፈልጋል። ርካሽ ካርቶን ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገርና አሲድ ስለሚገኝበት ከጊዜ በኋላ ይወይባል፤ ይሰባበራልም። ፀሐይ የዋለበት ጋዜጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሲወይብ፣ በአገራችን ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍት ግን መቶ ዓመታትን የተሻገሩት በቁሳቸው ልዩነት ጭምር ነው። ሞዴሉ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ የሚፈልግ ሰው ሥዕል ለመክፈፍ የሚሸጠውን ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን ቢመርጥ ይበጀዋል።

ዓይን የሚያየውና የማያየው

ጀማሪ ሠሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያደክማቸው ሁሉንም ነገር ለማሳየት መሞከር ነው። የዓይን ሳይንስ ግን ይህን ሸክም ያቀላል። ጤናማ የሰው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማየት የሚችለው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ 60ኛ እጅ ያላነሰ ሲሆን ነው። በ1 ሜትር ርቀት ይህ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ1 ለ 87 ስኬል 0.3 ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው ሕንፃ ላይ 2.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በእውነተኛው ሕንፃ ላይ ከዚህ የሚያንስ ነገር፣ ለምሳሌ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጡብ መጋጠሚያ፣ በሞዴሉ ላይ በትክክለኛው ልክ ቢሠራ በ1 ሜትር ርቀት የቆመ ተመልካች ለይቶ አያየውም።

በአንጻሩ ዓይን የማይስተው ነገር ጥላ ነው። የድንጋይ ሕንፃ ግድግዳ ወፍራም ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ በሞዴሉ ላይ 5.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን ሦስት ተደርቦ ማለት ነው። መስኮቱ በዚህ ውፍረት ልክ ወደ ውስጥ ገባ ሲል በዙሪያው ጥላ ይጥላል፤ ሕንፃውም ወዲያው ድንጋይ ይመስላል። በአንድ ስስ ካርቶን ላይ የተሣለ መስኮት ግን ምንም ያህል ውብ ቢሆን ሥዕልነቱ ያስታውቃል።

ቀለምም ቢሆን እንደ ሕንፃው መሳሳት አለበት። በ1 ሜትር ርቀት የምናየው የ1 ለ 87 ሞዴል፣ እውነተኛውን ሕንፃ ከ87 ሜትር ርቀት እንደማየት ነው። ከሩቅ የሚታይ ነገር በመካከል ባለው አየር ምክንያት ይደበዝዛል። ስለዚህ ጥቁሩ ወደ ግራጫ፣ ደማቁ ቀይ ወደ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሲጠጋ ሞዴሉ እውነት ይመስላል።

አሠራሩ

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ካተር የምንለው ባለ ምላጭ መቁረጫ፣ የብረት ማስመሪያ፣ የማዕዘን መለኪያ፣ ሹል እርሳስ፣ ነጭ የእንጨት ኮላና ከሥር የሚነጠፍ የመቁረጫ ሰሌዳ። ልጆች መለካቱን፣ ማጣበቁንና ቀለም መቀባቱን በሚገባ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ምላጩን ግን አዋቂ ይያዝ።

ሥራው በንድፍ ይጀመራል። አራቱም ግድግዳዎች በስኬሉ መሠረት በካርቶኑ ላይ ይሣላሉ። ቀጥሎ መስኮቶቹና በሮቹ ይወጣሉ። የግድግዳው ዙሪያ የሚቆረጠው ከእነርሱ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ካርቶኑ ገና ሰፊ ሳለ በእጅ ለመያዝ ይመቻል፣ አይቀደድምም። ምላጩ በኃይል አይጫንም። ቀለል እያለ ሦስት አራት ጊዜ በአንድ መስመር ሲመላለስ ጠርዙ ይጠራል። የደነዘዘ ምላጭ ካርቶኑን ከመቁረጥ ይልቅ ይቀድደዋልና ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያሻል።

ካርቶኑ በሚታጠፍበት ቦታ በውጭ በኩል እስከ ግማሽ ውፍረቱ ይጫራል፤ ከዚያም በማስመሪያው ጠርዝ ላይ ይታጠፋል። የመስኮቱ መስታወት ከሸሚዝ ማሸጊያ የሚገኝ ግልጽ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። የመስኮቱ ክፈፍ ከስስ ወረቀት ተቆርጦ ከኋላው ይለጠፋል። የታተመ ካርቶን ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ ያሳያል፤ ይህን በተመሳሳይ ቀለም እርሳስ መሸፈን ትንሽ ሥራ ቢመስልም የሞዴሉን መልክ ከሁሉ ይበልጥ ያሻሽላል።

ጣሪያው የራሱ ጣጣ አለው፤ በተለይ ቆርቆሮ ሲሆን። ብዙ ሰው የማሸጊያ ካርቶንን ሞገድ ሲያይ «ይህማ ቆርቆሮ ነው» ይላል። ሒሳቡ ግን ይህን አይፈቅድም። የተለመደው የማሸጊያ ካርቶን ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ87 ሲባዛ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ በየትም አገር የለም። የእውነተኛ ቆርቆሮ ሞገድ 76 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በሞዴሉ ላይ 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለስላሳ ነገር ላይ የተነጠፈ ስስ ወረቀት ወይም የምግብ መጠቅለያ ፎይል በማስመሪያ እየተመራ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫፍ በየ1 ሚሊ ሜትሩ ይሰመራል። ከዚያ በእውነተኛው ክዳን ልክ እየተቆራረጠና ጠርዝ በጠርዝ እየተደራረበ ይለጠፋል። ዝገቱ በቡናማ የውሃ ቀለም ሲጨመርበት ከክረምት ዝናብ የወጣ የአገር ቤት ጣሪያ ይመስላል።

ለገሀር በጠረጴዛ ላይ

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኖ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ የተጀመረው የባቡር ሥራ፣ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም «ጣቢያው»፣ በአዲስ አበቤው አንደበት «ለገሀር» ሆነ። ዛሬም የሚታወቀው የጣቢያው ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። ለድሬዳዋ ከተማነት ምክንያት የሆነው ይኸው ባቡር ነው፤ አዋሽ፣ ሞጆና አቃቂም በታሪካቸው የጣቢያ አሻራ አለባቸው።

የድሮው ባቡር አዲስ አበባ መግባቱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር በ1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሲሆን የአዲስ አበባ ጣቢያውም ከመሃል ከተማ ርቆ በለቡ በኩል ነው። የድሮዎቹ ጣቢያዎች ሥራቸውን አጥተዋል። ሥራ ያጣ ሕንፃ ደግሞ ወይ ይታደሳል፣ ወይ ይለወጣል፣ ወይ ይፈርሳል። በለገሀር ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ በ1960ዎቹ ተመልሷል። ሐውልት ተወስዶ ሊመለስ ይችላል። የፈረሰ ግድግዳ ግን አይመለስም።

ይህን ታሪክ በሞዴል ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ደስ የሚል የምሥራች አለ። የድሮው የኢትዮጵያ ሐዲድ ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበር። በስዊዘርላንድ የሬቲያን ባቡርን ጨምሮ ብዙ የተራራ መስመሮች በዚሁ በ1 ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። ለእነርሱ ሞዴል ተብሎ «ኤች-ኦ-ኤም» የተሰኘ፣ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በ1 ለ 87 ስኬል ይመረታል። በጀርመን ወይም በስዊዘርላንድ የሚኖር ወገን ከሞዴል ባቡር መደብር ገዝቶ የሚዘረጋው ሐዲድ ለድሬዳዋ ጣቢያም የሚስማማ ነው ማለት ነው። የሚቀረው ሕንፃው ነው፤ እርሱን ማንም አይሸጥልንም። ራሳችን ከካርቶን ልናቆመው ይገባል።

ልኬቱ ከየት ይገኛል? የ1 ሜትሩ ሐዲድ ራሱ ማስመሪያ ነው። ሐዲዱና ሕንፃው አብረው በሚታዩበት የቆየ ፎቶግራፍ ላይ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ሆኖም ለካሜራው የቀረበ ነገር ገዝፎ፣ የራቀው አንሶ ስለሚታይ፣ የፊተኛውን ሐዲድ በቀጥታ ከኋላው ግድግዳ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። ከግድግዳው እኩል የራቀ ነገር መፈለግ ይሻላል፤ በበሩ የቆመ ሰው፣ በመሳፈሪያው ዳር የቆመ ፉርጎ፣ ወይም የሐዲዱ ጫፍ ወደ ሕንፃው የሚጠጋበት ቦታ። የሕንፃው መሠረት አሁንም ካለ ደግሞ ርዝመቱንና ወርዱን ከሳተላይት ምስል መለካት ይቻላል፤ ጉግል ኧርዝ ለዚህ የሚሆን መለኪያ አለው። አገር ቤት ያለ ዘመድ አንድ በርና አንድ መስኮት በሜትር ለክቶ ቢልክ፣ ከዚያ ተነሥቶ የቀረውን ከፎቶግራፉ ማስላት አያዳግትም።

ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግን አንድ ችግር ይገጥማል። ፎቶግራፎቹ ሁሉ የሚያሳዩት የጣቢያውን ፊት ነው። ቤተሰብ ሊሸኝ የሄደ ሰው፣ ጎብኚ፣ ጋዜጠኛ፣ ሁሉም የቆመው ከፊት ለፊት ነው። የጀርባውን ግድግዳ፣ የዕቃ መጋዘኑን፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ የሠራተኞቹን ቤት ማን ፎቶ አነሣው? ኮምፒውተር ከብዙ ፎቶግራፎች የሕንፃን ቅርጽ መልሶ ሊያቆም ይችላል፤ ያልተነሣውን ወገን ግን ከየትም አያመጣውም። የካርቶን ሥራ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይገለጣል። የምናውቀውንና የማናውቀውን ለይቶ ያሳየናል። ሦስት ግድግዳ ቆሞ አራተኛው ሲጎድል ጉድለቱ በጠረጴዛው ላይ አፍጥጦ ይታያል፤ ሠሪውም ተነሥቶ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

የሚጠየቁት ደግሞ ሰዎች ናቸው። በምድር ባቡር የሠሩ፣ በድሬዳዋ የጥገና ቤት ሙያ የተማሩ፣ በልጅነታቸው በሐዲዱ ዳር ያደጉ አባቶችና እናቶች ዛሬ በአገር ቤትም በውጭም ይገኛሉ። ብዙዎቹ ታሪካቸውን ንገሩን ሲባሉ ከየት እንደሚጀምሩ ይቸገራሉ። ያልተጠናቀቀ የካርቶን ጣቢያ ፊታቸው ሲቀመጥ ግን ጣታቸውን ዘርግተው «ይህ በር በዚህ በኩል አልነበረም፤ የቴሌግራፍ ክፍሉ እዚህ ነበር፤ ጥላው ያለው በዚያ ማዕዘን ነው» ለማለት አይከብዳቸውም። የተባለውን በሞዴሉ ሥር ከነቀኑና ከተናጋሪው ስም ጋር መጻፍ፣ በፎቶግራፍ የተረጋገጠውንና በትዝታ የተገኘውን ለይቶ ማስፈር የሠሪው ኃላፊነት ነው። እንዲህ ሲሆን ሞዴሉ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ይሆናል።

በውጭ አገር ለተወለዱ ልጆችም ይህ ሥራ የራሱ ፋይዳ አለው። ስለ አገራቸው በቃል ከሚነገራቸው ይልቅ በእጃቸው የሠሩት ይበልጥ ይቀርባቸዋል። ለ87 ማካፈልን፣ ማዕዘን መለካትን፣ ቁስን ማወቅን ከትምህርት ቤት ውጭ ይለማመዱበታል። ከአያታቸው ጋር የሚነጋገሩበት ጉዳይም ያገኛሉ።

ለመጀመር ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም። አንድ በር፣ ሁለት መስኮትና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የሐዲድ ጠባቂ ቤት ለመጀመሪያ ሥራ ይበቃል። ካርቶኑ በየቤቱ አለ፤ ኮላውና ምላጩ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። የሚያልቀው ሌላ ነገር ነው። የለገሀር፣ የአዋሽ፣ የድሬዳዋ ጣቢያ በጀርባው በኩል ስንት መስኮት እንደነበረው ቆጥረው የሚነግሩን ሰዎች ዛሬ በስልክ ይገኛሉ።